የሥራ ልብስ አጣቢዋን እንዳይጐዳ
በጤና ጣቢያ ለተሰበሰቡ እናቶችና ቤተ ሰቦች የተደረገ ንግግር



ባለፈው ጊዜ ስለ መጸዳጃ ጕድጓድና ስለ ምንጭ ውሃ ተነጋግረን ነበር። ዛሬ የምንነጋገረው ሁላችሁም በየሳምንቱ ስለምትሠሩት፣ ነገር ግን ማንም ሥራ ብሎ ስለማይቈጥረው ጉዳይ ነው። ይኸውም ከሥራ የተመለሰ ሰው ያወለቀውን ልብስ ማጠብ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልናገር። ዲፕሎማዬን ተቀብዬ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንዲት እናት ሳል ጸንቶባቸው ወደ እኔ መጡ። በካርዱ ላይ «ሥራ» የሚል ቦታ አለ። «እማማ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ምን ሥራ አለኝ ልጄ፣ ቤት ነው የምውለው» አሉኝ። እኔም «የቤት እመቤት» ብዬ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ። ልጃቸው ድንጋይ ጠራቢ መሆኑን፣ ነጭ አቧራ የጠጣ ልብሱንም በየማታው በደጅ እያራገፉ የሚያጥቡለት እሳቸው መሆናቸውን የሰማሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ያውም ከጎረቤት ወሬ። ሳላቸው ከዚያ መጣ ብዬ ልምል አልችልም። ነገር ግን መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም።

እኔ ያልጠየቅኩትን ጥያቄ በሚገባ የጠየቁ ሁለት ሴቶች በእንግሊዝ አገር ነበሩ። የእነሱን ሥራ ነው ዛሬ የምነግራችሁ። በንግግሬ የማነሣቸው ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ነገሩ የሚነካው የካንሰርን በሽታ ስለሆነ፣ በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። «ነቀርሳ» የሚለው ቃል በአገራችን ሁለት በሽታ ያደባልቃል። የሳንባ ነቀርሳ የምንለው፣ ማለት ቲቢ፣ በጀርም የሚመጣና በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ከወሰዱት ይድናል። ካንሰር ሌላ ነው። ከሰውነታችን ሕዋሳት አንዷ ሥርዓቷን ትስትና ያለ ልክ ትባዛለች፤ በጊዜ ያልታረመ አረም ማሳውን እንደሚውጠው ሁሉ ዙሪያዋን ትውጣለች። ካንሰር ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። ከታመመ ሰው ጋር ማዕድ መቅረብ፣ እሱን ማጠብ፣ አጠገቡ መተኛት አያስይዝም። እባካችሁ በዚህ ምክንያት በሽተኛ አታግልሉ።

አንዳንድ ካንሰር ከሰው ሥራ ጋር እንደሚያያዝ ከታወቀ ቈይቷል። በ1775 ፐርሲቫል ፖት የተባለ የለንደን ቀዶ ሐኪም የጭስ ማውጫ በሚጠርጉ ሰዎች ላይ፣ በኀፍረተ ሥጋቸው ቆዳ ላይ የሚወጣ ካንሰር እንዳለ ጻፈ። ጠራጊዎቹ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በጠባቡ ማውጫ ውስጥ እየወጡ ጥቀርሻ የሚልሱ ያህል ይኖሩ ነበር። ጥቀርሻ ለእናንተ እንግዳ አይደለም፤ በየወጥ ቤታችን ጣሪያ ተንጠልጥሎ ይታያል። ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ፣ በ1892 ሄንሪ በትሊን የተባለ ሌላ ሐኪም፣ ይህ በሽታ በእንግሊዝ ሲበዛ በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ጠራጊዎች ላይ ለምን አነሰ ብሎ መረመረ። እነዚያ ገላቸውን በደንብ የሚሸፍን ልብስ ለብሰው ይሠራሉ፤ ከሥራ በኋላም በየቀኑ ይታጠባሉ።

እንግዲህ ልብስና ውሃ ሠራተኛውን ይጠብቁታል ማለት ነው። ጥሩ ነው። ታዲያ ልብሱን የምታጥበውን ማን ይጠብቃት? ይህን ጥያቄ ለማንሣት ሰባ ዓመት ያህል ፈጀ።

አስቤስቶስ የሚባል ድንጋይ አለ። ሲፈጩት እንደ ሌላው ድንጋይ ዱቄት ብቻ አይሆንም፤ እንደ ጥጥ ክር ክር ይላል። ይነደፋል፣ ይፈተላል፣ ይሸመናል። እሳት አይበላውም። ስለዚህ ፋብሪካዎች የእንፋሎት ማሞቂያና የቧንቧ መሸፈኛ፣ የመኪና ፍሬን፣ ከሲሚንቶ ጋር እየደባለቁም የጣሪያ ክዳን ይሠሩበት ነበር፤ ዛሬም የሚሠሩበት አገሮች አሉ። እናንተ ጥጥ ስትነድፉ ከደጋኑ የሚነሣው ብናኝ፣ በበር በምትገባ የፀሐይ ጨረር ውስጥ ሲንሳፈፍ አይታችሁታል። የአስቤስቶስ ብናኝ ከዚያ እጅግ የቀጠነ ነው፤ አብዛኛው በዓይን አይታይም። (ስለ ጥጡ አትሥጉ፤ ለምሳሌ ነው ያነሣሁት።)

በ1960 ዋግነር የተባለ ሐኪምና ሁለት ባልደረቦቹ ከደቡብ አፍሪቃ አንድ ጽሑፍ አወጡ። በኪምበርሊ ከተማ ባለው የሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታል የቲቢ መድኃኒት እየወሰዱ ምንም የማይሻላቸው በሽተኞች ነበሩ። ሲመረመሩ ሕመማቸው ቲቢ አልነበረም፤ ሳንባን የሚሸፍነውን ስስ ልባስ የሚይዝ፣ ሜሶቴሊዮማ የሚባል ካንሰር ነው። ሐኪሞቹ 33 በሽተኞችን ቈጠሩ። ከአንዱ በቀር ሁሉም ሰማያዊው አስቤስቶስ ከሚቈፈርበት አገር ጋር የሚያገናኝ ነገር አልታጣባቸውም። የሚያስገርመው ግን ብዙዎቹ ማዕድን ቈፋሪዎች አልነበሩም። በልጅነታቸው በማዕድኑ አጠገብ የኖሩ ሰዎችም ነበሩባቸው።

ይህ ወሬ ለንደን ደረሰ። በለንደን የጤና አጠባበቅና የሐሩር አገር ሕክምና ትምህርት ቤት ትሠራ የነበረችው ዶክተር ሙሪየል ኒውሃውስ ከሂልዳ ቶምፕሰን ጋር ሆና የአንድ የምሥራቅ ለንደን ሆስፒታል መዝገብ ገለጠች። ከ1917 እስከ 1964 ድረስ ሜሶቴሊዮማ መሆኑ የተረጋገጠ 83 በሽተኞች አገኙ። አብዛኞቹ ሞተዋል። ታዲያ ሙት አይጠየቅ! ስለዚህ ዘመዶቻቸውን እያፈላለጉ ጠየቁ፤ ሟቹ ከልጅነቱ ጀምሮ ምን ሠራ? የት የት ኖረ? ከእሱ ጋር በአንድ ቤት የኖረ ሰውስ ምን ይሠራ ነበር? የ76ቱ ታሪክ ተሟላላቸው። እኔን ያሳፈረኝ ያ የመጨረሻው ጥያቄ ነው።

መልሱን ብቻውን አላመኑትም። በምሥራቅ ለንደን የአስቤስቶስ ፋብሪካ ስለነበረ፣ ማንም ሰው ቢጠየቅ «ዘመዴ እዚያ ሠርቷል» ሊል ይችላል። አንድ ገበሬ ማዳበሪያ ማፍራቱን ለማወቅ ያዳበረውን ማሳ ካላዳበረው ጐን አድርጎ እንደሚያይ፣ እነሱም በሌላ ሕመም ሆስፒታል የተኙ 76 ሰዎችን በዚያው ዓይነት ጠየቁ። በ1965 ያወጡት ውጤት እንዲህ ነው። ሜሶቴሊዮማ ከያዛቸው 76 ሰዎች 40ዎቹ ወይ ራሳቸው በአስቤስቶስ ሠርተዋል፣ ወይም ከሚሠራ ሰው ጋር በአንድ ቤት ኖረዋል። ከሌሎቹ 76 ሕሙማን ግን እንዲህ ያለ ታሪክ የተገኘባቸው 9 ብቻ ናቸው።

አሁን አርባዎቹን እንከፋፍላቸው። 31ዱ ሠራተኞች ናቸው። የቀሩት 9 ሰዎች ፋብሪካው ውስጥ አልሠሩም። ጥፋታቸው ከሠራተኛ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማደራቸው ነው። ከእነዚህ መካከል በብዛት የተገኘው ታሪክ የባሏን የሥራ ልብስ የምታጥብ ሚስት ታሪክ ነው። አንዱ ባል የወደብ ጫኝና አውራጅ ነበር፤ ሦስት አራት ዓመት ሙሉ በየማታው በአስቤስቶስ ነጭ ሆኖ ይመጣል፤ ሚስቱም በር ላይ ተቀብላ በብሩሽ ታራግፈዋለች። ይህ ፍቅር ነው፤ ንጽሕናም ነው። ቤቷ እንዳይቆሽሽ ብላ ነው። አቧራው ግን ከልብሱ ተነሥቶ የሄደው ወደ አፍንጫዋ ነው። ሌላው ደግሞ የስምንት ወይም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ እኅቱ በፋብሪካው ትሠራ ነበር፤ ፈታይ ነበረች። እሱ ፋብሪካውን ሳይረግጥ አድጎ በዚያ ካንሰር ሞተ።

ከአርባዎቹ ውጭ ከሆኑት 36 ሰዎች ደግሞ 11ዱ ከፋብሪካው በግማሽ ማይል፣ ማለት በ800 ሜትር ያህል ክልል ውስጥ የኖሩ ሆነው ተገኙ።

ብናኙ እንዲህ የሚያደርገው በምን ኃይል ነው ትሉ ይሆናል። ወደ ሳንባ የሚገባ ተራ አቧራ ብዙው በአክታ ይወጣል፤ የቀረውን በሳንባ ውስጥ ዘብ የሚቆሙ ሕዋሳት ይውጡታል። የአስቤስቶስ ክር ግን ረጅም ስለሆነ ሊዋጥ አይችልም፤ ድንጋይ ስለሆነም አይሟሟም። እንደ እሾህ ተሰንቅሮ ሥጋውን እያስቆጣ ለብዙ ዘመን ይቀመጣል። ኒውሃውስና ቶምፕሰን እንዳዩት፣ ሰው ብናኙን መጀመሪያ ካገኘበት ጊዜ እስከ መጨረሻ ሕመሙ ከ16 እስከ 55 ዓመት አልፏል። እንግዲህ አንዲት ሙሽራ በሃያ ዓመቷ ያራገፈችው ልብስ የልጅ ልጅ ካየች በኋላ ያሳምማታል ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ልብሱን ማን ያስታውሰዋል? ለዚህ ነው መጠየቅ ያስፈለገው።

ጥያቄው ፍሬ አፍርቷል። በ1969 በእንግሊዝ የወጣው የአስቤስቶስ ደንብ ሠራተኛው መከላከያ ልብስ እንዲሰጠው፣ የልብሱም ጽዳት የአሠሪው ኃላፊነት እንዲሆን አዘዘ። በ1999 ደግሞ በዚያ አገር አስቤስቶስን መጠቀም ጨርሶ ተከለከለ። ሕጉ ለጋሪው አልዘገየም ማለቴ አይደለም፤ ለነዚያ ሚስቶች እጅግ ዘግይቷል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። «እኛ የምንኖረው ገጠር፤ አስቤስቶስ ምን አገናኘን?» የምትሉ ትኖራላችሁ፤ ልክ ናችሁ። አሮጌ ሕንፃ ሲፈርስ ሲሚንቶ የሚመስል ግራጫ የጣሪያ ክዳን ወይም ቧንቧ ያገኘ ሰው፣ ምንነቱ ሳይታወቅ እንዳይሰብረውና እንዳይፈጨው ከመምከር በቀር በዚህ ላይ አልዘገይም። እኔን የሚያሳስበኝ መንገዱ ነው። ሌላም ነገር በዚያው በር፣ በልብስ ላይ ተቀምጦ ይገባል።

አንደኛው የድንጋይ አቧራ ነው። ድንጋይ ጠራቢ፣ ጠጠር የሚፈጭ፣ ዐለት እየሰበረ ጕድጓድ የሚቈፍር ሰው ሲሊካ የሚባለውን አቧራ ይተነፍሳል። በሊዮን ከተማ ያለው የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል ይህ አቧራ በሥራ ላይ ሲተነፍሱት የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ በ1997 አረጋግጧል። ሁለተኛው የእርሻ መድኃኒት ነው። መድኃኒት እንለዋለን እንጂ መርዝ ነው። ይኸው ክፍል በ2015 ዲዲቲንና በጐተራ እህል ላይ የሚነሰነሰውን ማላታይን ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም ከሚላቸው ነገሮች ጋር መድቧቸዋል። እነዚህ ሁሉ እንደ አስቤስቶስ ናቸው እያልኩ አይደለም፤ ደግሞም ከአንድ ቀን እጥበት ካንሰር ይመጣል ብላችሁ እንቅልፍ እንዳታጡ። ከካንሰሩ በፊት መርዙ ራሱ በአንድ ቀን ያስመልሳል፣ ራስ ያዞራል፣ ሕፃን ይገድላል። ጥንቃቄው ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

ልብሱን ከማጠባችሁ በፊት አታራግፉት። በዱላ አትምቱት፣ በመጥረጊያም አትጥረጉት። ቤትን የሚጐዳው አቧራ ልብሱ ላይ የተቀመጠው አይደለም፤ የተነሣው ነው። ሠራተኛው ቤት ሳይገባ በደጅ ልብሱን ይለውጥ፤ ፊቱን፣ ጠጕሩንና እጁን ይታጠብ፤ ልጁን የሚያቅፈው ከዚያ በኋላ ይሁን። ልጅ «አባባ!» ብሎ ሲሮጥ መከልከል እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ልጁ ፊቱን የሚደፋው እዚያ አቧራ ላይ ነው። ያወለቀውን ልብስ ነፋሱን በጀርባችሁ አድርጋችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ውሃ ውስጥ ንከሩት። የራሰ አቧራ አይበርም። ድንጋዩም ከመጠረቡ በፊት ውሃ ቢርከፈከፍበት ልብሱ ላይ የሚቀመጠው ይቀንሳል።

መርዝ የነካው ልብስ ለብቻው ይታጠብ። ከሕፃን ልብስ፣ ከነጠላና ከጋቢ ጋር አይደባለቅ። ሳፋውም ለዚሁ ብቻ ይለይ፤ ሊጥ የሚቦካበት ሳፋ ይህን ልብስ ጨርሶ አይቅመስ። ጓንት ያላት ታጥልቅ፤ የሌላት እጅና ክንዷን ወዲያው በሳሙና ትታጠብ። እጣቢው ከምንጭ፣ ከጕድጓድ ውሃና ከጓሮ ጐመን ርቆ ይደፋ። ውሃ ያልገባበት ጥሬ መርዝ የፈሰሰበት ልብስ ግን ታጥቦም አይታመን፤ አይለበስ። የመርዙ ዕቃ ባዶ ሲሆን የጠላ፣ የዘይት ወይም የውሃ ዕቃ እንዳይሆን። ሦስት ጊዜ ታጥቦ እጣቢው ወደ መርጫው ይገልበጥና ዕቃው ይበሳ። የበሳችሁትን ዕቃ ጎረቤት ሊለምናችሁ አይመጣም።

እዚህ ላይ ለአባቶች አንድ ነገር ልበል። መርዙን የረጨው ሰው ራሱ ልብሱን ቢያጥብስ? ትስቃላችሁ፤ ባለፈው መንደርም ሥቀውብኛል። እሱ ግን አንዴ ነክቶታል፤ ለምን ሁለተኛ ሰው ይነካዋል? በተለይም ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ከቤት ካለች ይህን ሥራ ለእሷ መተው አይገባም።

የእናቶች የራሳቸው ሥራ የሚያመጣውን ጭስም ሳልጠቅስ አላልፍም። ምጣድ ላይ የምትውል ሴት የሥራ ቦታዋ ወጥ ቤት ነው። ያ የካንሰር ምርምር ክፍል በ2010 ባወጣው መጽሐፍ ቤት ውስጥ የሚነድ የእንጨት ጭስ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ብሏል። መስኮት ማውጣት፣ የደረቀ እንጨት ማንደድ፣ የጭስ መውጫ ያለው ምድጃ መሥራት፣ ሕፃን አዝሎ አለመጋገር ይረዳል። ስለዚህ ራሱን የቻለ ንግግር ስለምናደርግ ለዛሬ ይብቃ።

ባለፈው መንደር ንግግሬን ስጨርስ አንዲት አሮጊት ተነሥተው «ይህ ሁሉ መልካም ነው ልጄ፤ ልብሱ ግን አንድ ነው። በደጅ ካወለቀ ምን ለብሶ ይገባል?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሣቀ፤ እኔ ግን መልስ አጥቼ ቆምኩ። በኮሌጅ የተማርኩት ሁለት ልብስ ላለው ሰው ነበር። እሳቸው ራሳቸው መፍትሔውን ሰጡኝ፤ ያለቀ ሸሚዝና ሱሪ ጠጋግኖ ለሥራ ብቻ መለየት፣ ማታ ማታም ልጅ በማይደርስበት ከጣሪያው ክፈፍ ሥር በውጭ መስቀል፣ ጋቢ ደግሞ በር ላይ ማቀበል። ከዚያ ወዲህ በየሄድኩበት የምናገረው የእሳቸውን ምክር ነው።

ተቀጥሮ የሚሠራ ልጅ ወይም ባል ያላችሁ ደግሞ ይህን ንገሩት፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይህኛው ዓመት በእኛው አቈጣጠር ነው) አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ ዕቃና ልብስ እንዲሰጥ ያዝዛል። መጠየቅ ልመና አይደለም።

ወደ ጤና ጣቢያ ስትመጡ እኔም ሁለት ጥያቄ ጨምሬአለሁ። በቤታችሁ ማን ምን ይሠራል? ልብሱንስ የሚያጥበው ማነው? «ቤት ነው የምውለው» አትበሉኝ፤ ዘርዝራችሁ ንገሩኝ፤ የዛሬ ሃያ ዓመት የነበረውንም ቢሆን። የምትረጩት መርዝ ምን እንደሆነ ለማወቅ የምትፈልጉ በየሐሙሱ ከቀትር በኋላ ኑ። ዕቃውን ግን አታምጡት፤ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ የተለጠፈበትን ስም በወረቀት ገልብጦ ይዞ ይምጣ፤ አብረን እናነበዋለን።